ጉልበቷን አሟት ለመጣች እናት ስለተሰጠ ብልቃጥ

ለተከበሩ ዶክተር አያሌው፣
በላምበረት ሰፈራችን የሚገኘው ክሊኒክ ባለቤትና ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎን የምመኘው ከልቤ ነው፤ እርስዎ ከታመሙ ጤነኞችን የሚያክም ሰው ሰፈራችን ከየት ያገኛል?

እኔ ያሕያ አብዱልገኒ በደሴ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። ይህን የምጽፈው እናቴ ሐቢባ በተኛችበት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ ወረቀቱን በጭኔ አስደግፌ ስለሆነ ለእጅ ጽሑፌ መጣመም ይቅርታዎን እለምናለሁ። ትኩሳቷ ዛሬ አምስተኛ ቀኑን ይዟል። ምስጋናዬንና ቅሬታዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. ባለፈው ግንቦት እናቴ ወደ ክሊኒክዎ የመጣችው ስትሰግድ ጉልበቷ እየያዛት ስላስቸገራት ነበር። በክሊኒክዎ ደንብ ግን ማንም ሰው ምን እንዳመመው ከመጠየቁ በፊት ካርድ ክፍሉ ላይ የሽንት ብልቃጥ ይሰጠዋልና፣ እሷም ተሰጣት። ስትሸና አያቃጥላት፣ ቶሎ ቶሎ አይመጣባት፣ ጎኗን አያማት፤ ይሁን እንጂ ወረቀቱ ላይ ባክቴሪያ ተገኘ። ያላመማትን በሽታ ስላገኙላት እናመሰግናለን። ጉልበቷን ግን እስከ ዛሬ ያየላት የለም።

፪. ለእሱ ያዘዙላትን ካፕሱል ስትጨርስ፣ ባክቴሪያው ጠፍቶ እንደሆነ ይታይ ብለው መልሰው አስመረመሯት፤ አልጠፋም። ጠንከር ያለ አዘዙላት። በሐምሌ ሌላ፣ በመስከረም ደግሞ ከሁሉም የሚበረታውን ጨመሩላት። ተቅማጡ ከቤት አላስወጣ ሲላት፣ ይቅርብሽ ብዬ ብለምናት፣ «ዶክተሩ ያውቃል፤ አንተ መኪናህን ንዳ» ብላ አፌን አስያዘችኝ። እኔም መኪናዬን ነዳሁ። በዚህኛው ቁጥር የምወቅሰው እርስዎን ብቻ አይደለም።

፫. ባለፈው ሳምንት በእውነት ታመመች። ጎኗን ወጋት፣ አንቀጠቀጣት፣ የልጆቿን ስም አምታታች። እዚህ የተቀበለቻት ዶክተር ንግሥቲ የእርስዎን አራት ማዘዣዎች ጠረጴዛው ላይ ደርድራ አንድ በአንድ አነበበች። ምንም ሳያም በሽንት ውስጥ የሚገኝ ባክቴሪያ በአሮጊቶች ዘንድ የተለመደ መሆኑን፣ ነፍሰ ጡር ወይም የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሰው ካልሆነ በቀር መተው እንደሚገባው፣ በመድኃኒት እየነካኩ ማባረር ግን ደካማውን ገድሎ ብርቱውን ብቻ እንደሚያስቀር በትዕግሥት አስረዳችኝ። ዛሬ በእናቴ ደም ውስጥ የገባው ያ ብርቱው ነው። እርስዎ ካዘዟቸው አራቱ አንዱም አይነካውም። አንድ መድኃኒት ቀርቷል፤ ትናንት ተጀምሮላታል፤ መሥራት አለመሥራቱ ከነገ ወዲያ ይታወቃል ተብለናል። እፈራለሁ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብልቃጡን የምታድለው ልጅ አጠገብ «ምንዎን አመመዎት?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ያስቀምጡልን።

በትጋትዎ ብዛት ሳትታመም ታክማ፣ ስትታመም መድኃኒት ያጣች እናት ልጅ፣
ምንጊዜም አክባሪዎ፣
ያሕያ አብዱልገኒ
ታኅሣሥ ፲፱፻፺ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ዛሬ ጠዋት የእናቴን ካርድ ልጠይቅ ወደ ክሊኒክዎ ብመጣ፣ አንዲት አሮጊት ብልቃጥ ይዘው እንደ ሰው ሁሉ ተራቸውን ሲጠብቁ አገኘሁ። ወገቤን ነው አሉኝ። ሽንትዎ ያስቸግርዎታል ወይ ብላቸው፣ ኧረ ምንም የለብኝ አሉ። እማማ፣ ይድፉትና ወደ ቤትዎ ይግቡ ብዬ ለመንኳቸው። ሳቁብኝ፤ «አያሌው እኮ የወለድኩት ልጄ ነው፤ እሱ ያውቃል» አሉኝ። የምርመራ ወረቀታቸው ነገ እጅዎ ይገባል። ይህን ደብዳቤ በፖስታ መላኩን ትቼ በክሊኒክዎ በር ላይ የለጠፍኩት ከዚያ ወረቀት ቀድሞ እንዲደርስዎ ብዬ ነው።