በእናቴ ዝምታ ላይ ለፈረዱት ሰብሳቢ

ለተከበሩ ሐጂ ሙሐመዲን፣
በጅዳ ሂንዳዊያ የሰፈራችን መረዳጃ ማኅበር የሽማግሌዎች ሰብሳቢ

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ጤናዎን አብዝቶ፣ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው የሚያነቡበት ብርቱ ዓይን እንዲሰጥዎ እመኛለሁ። የልብስ ሰፊዋ የነፊሳ ልጅ ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት በማኅበሩ አዳራሽ፣ እናቴ የባለቤትዎን የወርቅ አምባር ሰርቃለች ብለው ሲፈርዱባት ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። በዚያው ዓመት ወሎ ወደሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የወንጀል ፍትሕ ማጥናት ጀመርኩ፤ ዘንድሮ እመረቃለሁ። የትምህርት ዘርፌን የመረጡልኝ እርስዎ ስለሆኑ፣ ከዚህ በታች የምዘረዝረውን እንደ ቅሬታ ሳይሆን እንደ ውለታ ምላሽ እንዲቀበሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

1. ከሳሿ ባለቤትዎ ወይዘሮ ፈቲያ፣ ዋናው ምስክር እርስዎ፣ ዳኛውም እርስዎ ነበሩ። መምህሮቻችን የሦስቱን ልዩነት ለማስረዳት አንድ ሙሉ መንፈቅ ፈጅቶባቸዋል፤ እርስዎ ግን ሦስቱንም አዋህደው በዐስርና በመግሪብ ሶላት መካከል ጨረሱት።

2. እናቴ መካ ሄዳ በሐረም እንድትምል አዘዙ። ሁለት ሽማግሌዎች አስከትላ ሄደች፤ አምባሩን አልወሰድኩም ብላ ካዕባ ፊት ማለች። ስትመለስ «የሌባ መሐላ አይቆጠርም» አሏት። ይህን ከመሄዷ በፊት ነግረዋት ቢሆን ኖሮ መንገዱን ባተረፉላት ነበር።

3. «ታዲያ አምባሩ የት ገባ?» ብለው ሲጠይቋት ዝም አለች። እርስዎም ማይክራፎኑን አንስተው «ዝም ያለ አምኗል፤ ኸላስ፣ አለቀ!» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ የዒድ ልብስ ላሰፋ ብሎ በሯን ያንኳኳ ሰው የለም። ለሙሽራ ትሰፋ የነበረችው ሴት ዛሬ ፔትሮሚን ሰፈር ውስጥ የጋራዥ ሠራተኞችን ቱታ ትጥፋለች።

4. አምባሩን አግኝቼዋለሁ። ባለፈው የካቲት ኮምቦልቻ ሠርግ ተጠርቼ ነበር፤ ሙሽራዋ የወይዘሮ ፈቲያ ታናሽ እህት ናት፤ አምባሩ በእጇ ላይ ነበር። እርስዎ በአዳራሹ ደጋግመው እንደነገሩን፣ የእርስዎ ኒካሕ የታሰረበት ቀን ከውስጥ በኩል ተቀርጾበታል። ሙሽራዋ ክፋት የላትም፤ አውልቃ አቀበለችኝና ቀኑን አነበብኩት። «እህቴ ናት በቀሚስ ጠርዝ ውስጥ አሰፍታ ከጅዳ የላከችልኝ፤ ሐጂ እንዳይሰማ ብላ» ስትለኝ እየሳቀች ነበር። ወርቅን ከባል ሸሽጎ በመንገደኛ እጅ ለቤተሰብ መላክ እዚያ ጅዳ የቆየ የሴቶች ልማድ መሆኑን ከእርስዎ በቀር የማያውቅ የለም። ጠርዙን ማን እንደሰፋው መጠየቅ ስላላስፈለገኝ፣ ለእናቴ ደውዬ አምባሩን አየሁት ብቻ አልኳት። «ልጄ፣ አማና ነው፤ አፍሽን ያዢ» ብላ ዘጋችብኝ። የባለቤትዎን የምስጢር አደራ ለመጠበቅ የገዛ ስሟን ሰጥታለች። አማናው ግን የእሷ እንጂ የእኔ አይደለም።

ስለዚህ በመጪው ጁምዓ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ማይክራፎን «ነፊሳ አልሰረቀችም» የሚሉ ሁለት ቃላት እንዲናገሩ በአክብሮት እለምናለሁ። ማብራሪያ አልጠይቅዎትም፤ እሱን እኔ ሠርቼልዎታለሁ። የዚህ ደብዳቤ ቅጂ ከሂንዳዊያ እስከ አል-ባላድ ባሉት የሐበሻ ሱቆች ሁሉ በር ላይ ስለተለጠፈ፣ አዳራሹ እንደዚያን ቀን ጢም ብሎ እንደሚጠብቅዎት አልጠራጠርም።

ወንበርዎን ማኅበሩ፣ ፍርድዎን ደግሞ አላህ እንዲመዝንልዎ እየጸለይኩ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ የአራት ዓመት ትምህርት ለሰጡኝ መምህሬ ከፍ ያለ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

መቼም የማትረሳዎት ተማሪዎ፣
ሰሐር ነቢል

ማሳሰቢያ፦ ይህን አንብበው እንደጨረሱ ቤት ገብተው ወይዘሮ ፈቲያን እንደሚጠይቁ አውቃለሁ። ዝም ካሉ፣ በእርስዎ ሕግ አምነዋል። እኛ በመጀመሪያው ዓመት የተማርነው ግን ዝምታ ማመን አለመሆኑን ስለሆነ፣ የሚከራከርላቸው ሰው ካጡ ስልክ ቁጥሬ እናቴ ዘንድ አለ።