በረዶ በመጥረግ ወንጀል ስለታሰረችው ትራክተራችን

ለክቡር የብራክን ሂል መኖሪያ ሰፈር አስተዳደር ቢሮ ሥራ አስኪያጅ
አርችዌይ፣ ለንደን
ጥር 2003 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ሰዓት እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የቢሮዎ ማሞቂያም በመልካም ጤንነት ላይ እንደምትገኙ አልጠራጠርም። ጉንፋን እንዳይይዝዎ፣ እግርዎን እንዳያዳልጥዎ፣ ስልክዎም ባልታሰበ ሰዓት ጮኾ እንዳያስደነግጥዎ ከልቤ እመኛለሁ።

እስካሁን በእንግሊዝኛ የጻፍኩልዎት ሁሉ «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» ከሚል መልስ በቀር ምንም ስላላስገኘ፣ ይህኛውን በአማርኛ ጽፌ በማኅበረሰባችን ጋዜጣ ላይ ለማውጣት መርጫለሁ። ቢያንስ ይህኛውን ላለመረዳትዎ በቂ ምክንያት ይኖርዎታል።

ዓይናዲስ እባላለሁ፤ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ባለቤቴ ብርሃኑ ከ97ቱ ምርጫ በኋላ አገር ለቅቆ የመጣ፣ ዛሬ ሚኒካብ የሚሉትን ታክሲ እየነዳ የሚኖር ሰው ነው። ቤታችን ዳገቱ ጫፍ ላይ ካለው ሕንፃ ውስጥ ሲሆን፣ ከበላያችን እትዬ ጌጤነሽ ከልጃቸው ከቢታንያ ጋር ይኖራሉ። የእትዬ ጌጤነሽ ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል። በሳምንት ሦስት ቀን የሆስፒታል መኪና ከደጃፍ ይወስዳቸዋል፤ ደማቸው በማሽን ታጥቦ ይመለሳሉ። ይህንን እርስዎ አሳምረው ያውቁታል፤ ቢታንያ ቢሮዎ ድረስ መጥታ ነግራዎታለችና።

እነሆ ቅሬታዎቼን በቢሮዎ ደንብ መሠረት በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ጨው። ዳገታችን የቢሮዎ የግል መንገድ በመሆኑ በረዶ የሚያቀልጥ ጨው የሚበትነው የከተማው መኪና አይወጣበትም። ቢሮዎ በበኩሉ አንድ ቢጫ የጨው ሣጥን አስቀምጦልናል። ሣጥኑ ልጆች እንዳይጫወቱበት ተቆልፏል፤ ቁልፉ ቢሮ ነው፤ ቢሮው ደግሞ በረዶ ሲጥል ይዘጋል። ጨውን ከበረዶ ለመጠበቅ ይህን ያህል የተጨነቀ ሌላ ቢሮ በለንደን አለ ብዬ አላምንም።

2. ስለ ማሽኗ። የሰፈሩ የአትክልተኞች ማኅበር አንዲት ትንሽ አሮጌ ትራክተር ነበረችው። ከስኮትላንድ ስትመጣ በግንባሯ ላይ በረዶ እየዋጠ በቱቦ ወደ ጎን የሚተፋ መሣሪያ ተገጥሞላት ነበር። ችግሩ የለንደን በረዶ ውኃ ያዘለ ሊጥ መሆኑ ነው፤ መሣሪያው ሁለት ጊዜ ይጎርስና ይታነቃል። ባለፈው ዓመት ይህንን አይተን ስለነበር፣ ብርሃኑና እኔ ክረምቱ ሳይገባ ቅዳሜ ቅዳሜ መላ እንፈልግላት ጀመር። ከተጣለ የከባድ መኪና ጎማ ላይ፣ በረባሶ እንደሚቆረጠው አድርገን ቁራጮች አወጣንና በረዶውን በሚወረውረው ማራገቢያ ጫፍ ጫፍ ላይ በብሎን አሰርናቸው፤ በማራገቢያውና በቆርቆሮው መካከል የነበረውን ክፍተት ይዘጋሉ ብለን ነው። መጀመሪያ ጎማውን አወፍረን ስለቆረጥነው ማራገቢያው ነክሶ ቆመ፤ ብርሃኑ እኔን ተቆጣ፣ እኔም እሱን፣ ያን ቀን ሳንነጋገር ገባን። በሳምንቱ አቅጥነን ቆረጥነውና ዞረ። ቱቦውን ከውስጥ በአሮጌ የውኃ በርሜል ፕላስቲክ ለበድነው፣ የምግብ ዘይትም ቀባነው። ከሥሩ የመንገዱን ጡብ እንዳይፍቅ የፕላስቲክ መክተፊያ ቆርጠን ጫማ አደረግንለት። ለኋላ ጎማዎቿ ሰንሰለት ሲያስፈልገን፣ ቢሮዎ ለሕፃናት ደኅንነት ሲል ነቅሎ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ከጣለው ዥዋዥዌ ላይ አገኘን። ልጆቻችንን ከዥዋዥዌ ስላዳኑልን እግረ መንገዴን አመሰግናለሁ።

3. ስለ መጀመሪያው በረዶ። በኅዳር መጨረሻ አንድ ጠዋት ስንነሳ ዳገቱ አልነበረም፤ ነጭ ግድግዳ ነበር። ቢታንያ በካልሲዋ ደረጃውን ወርዳ በራችንን ደበደበች። «ጋሽ ብርሃኑ፣ ድራይቨሩ ታች ቆሟል! ካንሰል ላድርግ ወይ እያለ ነው! ማሚ ባለፈውም ሚስ አድርጋለች፣ ዛሬ ሚስ ካደረገች ልቧ አይችልም!» እኔ ወደ ቢሮዎ ደወልኩ፤ በበረዶው ምክንያት መዘጋቱን የሚገልጽ እጅግ ትሁት የተቀዳ ድምፅ አነጋገረኝ። ብርሃኑ ግን ትራክተሯን አስነስቶ ነበር።

እስከ ዳገቱ ወገብ ድረስ በረዶውን እንደ ጉድ ወረወረችው። እዚያ ላይ ከበረዶው ሥር የነበረ የፌስታል ቁራጭ ቱቦው ውስጥ ተወተፈና ቆመች። ብርሃኑ ከመቸኮሉ የተነሣ ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ እጁን ሰደደ። «እጅህን! ብርሃኑ፣ እጅህን አውጣ!» ብዬ ጮኽኩ። አወጣ። ጓንቱ ግን ውስጥ ቀርቶ ተቦጫጭቆ በቱቦው በኩል በረዶው ላይ ተተፋ። ጣቶቹን በየተራ እየነካሁ ደህና መሆናቸውን አረጋገጥኩ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተን በመጥረጊያ እንጨት አጸዳነውና ቀጠልን። የሆስፒታሉ መኪና ደጃፍ ድረስ ወጣ። እትዬ ጌጤነሽ ማታ ታጥበው፣ ቀልተው፣ ሾርባ አምጡልኝ እያሉ ተመለሱ።

4. ስለ እስሯ። በማግስቱ ትራክተሯ በቢሮዎ ትእዛዝ ተጭና ተወሰደች። ክሷም ተነገረን፦ ያለ ፈቃድ የተቀየረ ማሽን፣ ከፍተኛ ድምፅ፣ እንዲሁም የቢሮው ንብረት የሆነ የዥዋዥዌ ሰንሰለት መያዝ። ብርሃኑ ክሱን ያነበበልንን ሠራተኛዎን «እሺ ውሰዷት፤ በሚቀጥለው በረዶ ማን ይጠርጋል?» ብሎ ጠየቀው። ሰውየው «እሱ የሌላ ክፍል ሥራ ነው» አለው። የትኛው ክፍል እንደሆነ ግን አያውቅም።

እውነቱን ልናገር። መጥተው ስለ ጓንቱ ቢጠይቁን፣ የቱቦው አፍ ላይ መከለያ ሽቦ ያስፈልጋል ብለው ቢያዙን፣ አንገታችንን ደፍተን በዚያው ቀን እንገጥም ነበር። እንዲመረምሯት አፕላይም አድርገናል። «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን።»

5. ስለ ሁለተኛው በረዶ። ይኸኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። በታኅሣሥ የጣለው ከፊተኛው ይብስ ነበር። እትዬ ጌጤነሽን በወጥ ቤት ወንበር አስቀምጠን፣ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር አራት ሆነን ተሸክመን ወረድን፤ ቢታንያ ከፊት በመጥረጊያ ትጠርጋለች። እሳቸው «ቀስ በሉ እንጂ፣ ገና አልሞትኩም!» እያሉ ሊያስቁን ይሞክራሉ፤ ትንፋሻቸው ግን ያንን ጊዜም ያጥር ነበር። መንገድ ላይ ብርሃኑን አዳለጠው፤ ወንበሩ ተገለበጠ። አሮጊቷ በጎናቸው ወደቁ፤ ሲወድቁ ደም የሚታጠቡበትን ክንዳቸውን እንደ ሻማ ሽቅብ ይዘው ነበር፤ እሱ ብቻ በረዶ አልነካውም። አንስተን ታች ስንደርስ የጠበቅነው መኪና የለም፤ የጎማው ፈለግ ብቻ ነበር። ሹፌሩ ሌላ በሽተኛ ስለሚጠብቀው የቻለውን ያህል ቆይቶ ሄዷል፤ አልፈርድበትም። አምቡላንስ እስኪመጣ ድረስ መንገድ ዳር ኮታችንን አልብሰናቸው ቆምን። ሲደርስልን ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ ሳንባቸው ውኃ ሞልቶ፣ የሰጠመ ሰው እንደሚተነፍሰው ይተነፍሱ ነበር።

ገናን ሆስፒታል ዋሉ። ተርፈዋል፤ አሁን ቤታቸው ናቸው። ደረጃውን ግን ያለ ደጋፊ አይወጡም፤ ልጃቸውም የአየር ትንበያ ሳታይ አትተኛም። ብርሃኑ ስለዚያ ቀን ሲነሣ ክፍሉን ለቅቆ ይወጣል።

ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎት ትልቅ ነገር አይደለም። ወይ ትራክተሯን ከጎደላት ነገር ዝርዝር ጋር ይመልሱልን፣ እንገጥምላታለን፤ ወይ ዳገቱን ራስዎ ያስጠርጉ። ሦስተኛው ምርጫ እትዬ ጌጤነሽ በረዶ በማይጥልበት ወራት ብቻ እንዲታመሙ ማዘዝ ነው፤ ይህንንም ለመወሰን ሥልጣን ያለው ክፍል ካለ በአድራሻችን ያሳውቁን። የመጪው ሳምንት ትንበያ በረዶ ይላል።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ዝምታዎ፣ በሩ ስለተዘጋው ቢሮዎ ጎንበስ ብዬ እያመሰገንኩ፣ የወንበርዎን መሞቅ፣ የመንገድዎን መጥራት፣ የዕድሜዎን መርዘም እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣ ኪራይ ከፋይዎና ተከሳሽዎ
ዓይናዲስ

ማሳሰቢያ፦ ትራክተሯን እንዲወስድ የላኩት ከባድ መኪና ሌሊቱን በጣለው አዲስ በረዶ ዳገቱን መውጣት አቅቶት ነበር። ሹፌሩ ከታች ሆኖ እርዱኝ ሲል፣ ለምን እንደመጣ ሳንጠይቅ በትራክተሯ ወርደን መንገዱን ጠረግንለት። ጨዋ ሰው ነው፤ ወጥቶ እጃችንን ጨበጠና አመሰገነን፣ ከዚያም ጫናት። ከቢሮዎ በኩል ከአንደበት የወጣ ምስጋና ያገኘነው ያኔ ብቻ ስለሆነ፣ በፋይላችን ውስጥ እንዲመዘገብልን በትሕትና እንጠይቃለን።