ለኮሊብሪዋ ሙቅ መዳፍ

እህቴ ሶይላ፣
ገበያ ወርጃለሁ። ሾርባው ምድጃው ላይ ነው።
አበባ የሚመጡት ጥቃቅን ወፎቻችን፣ ኮሊብሪዎቹ፣ የሚጠጡበትን ጠርሙስ በፍል ውሃ እጠቢው። ስኳር እንጂ ማር እንዳትጨምሪበት፤ ማር ያሳምማቸዋል።

የወፎቹ ዘር እንዳይጠፋ የምታጠናው ናይሊ ዛሬ መረቧን ይዛ ትመጣለች። አንዷን ኮሊብሪ ይዛ እግሯ ላይ የመለያ ቀለበት ካሰረችላት በኋላ ወፏን እንደ ሁልጊዜው መዳፍሽ ላይ ታስቀምጣታለች። አበባውን የተከልኩት እኔ፣ ወፏ የምታርፈው አንቺ እጅ ላይ።
"ያንቺ እጅ በረዶ ነው፣ ኤሉቪያ፤ ታስደነግጫታለሽ" ብለሽ በመንደሩ ሴቶች ፊት ሳቅሽብኝ።
ትናንት እጄን እሳት ላይ ሳሞቅ ያገኘሽኝ ለዚህ ነበር። እንዳልኩሽ ቁርጥማት ይዞኝ አይደለም።

ከበረደሽ ሻሌን ልበሺ፤ እጅሽ እንዳይቀዘቅዝባት።
መዳፍሽ ላይ ብዙ ከቆየች ግን ዛሬ ማታ አትንገሪኝ።
ነገ ትነግሪኛለሽ።

ኤሉቪያ