ያላነበብኳቸውን ትምህርቶች ስላጠፉልኝ

ለተከበሩ የኮምፒውተር ጥገና ቤቱ ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም፣ መደርደሪያዎ ላይ ተራ የሚጠብቁት ኮምፒውተሮችም እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ልቤን ካልቆጠርነው ደህና ነኝ። አሮጌ ላፕቶፕ በፌስታል ይዤ የመጣሁት፣ «ምነው ልጅ ቢልኩ» ሲሉኝ «እግር አለኝ» ያልኩዎት ሽማግሌ ነኝ። ፊደል እየለቀምኩ፣ ብዙ ቀን ፈጅቼ በራሴ እጅ የጻፍኩትን ይህን ደብዳቤ በርዎ ላይ የለጠፍኩት ሌላውም ደንበኛ አብሮኝ እንዲያመሰግንዎ ብዬ ነው።

፩ኛ. ላፕቶፑ ሲነሳ ያቃስታልና ማቃሰቱን ብቻ አስታግሱልኝ ብዬ ነበር። ባለሙያዎ ግን ሳይጠሩት አቤት ብሎ፣ የነበረውን ሁሉ ጠራርጎ አጥፍቶ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጭኖ ጠበቀኝ። «አባባ፣ አዲስ አድርጌልዎታለሁ፤ ይመርቁኝ» አለኝ፤ መረቅሁት። ምኑን እንደመረቅሁ የገባኝ ቤቴ ገብቼ ስከፍተው ነው። የሽማግሌ ምርቃት አይነሳምና ይደግበት።

፪ኛ. ምን ነበረበት ብላችሁ ስላልጠየቃችሁኝ ልንገርዎ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ዕድሜዋን ሙሉ ታይፒስት ነበረች፤ እኔ ደግሞ ፊደልን በሩቁ ነበር የማውቀው። ሕመሙ ሲጠናባት፣ ማንበብ ሳልችል ጥላኝ መሄዱ ከበዳትና አልጋዋ ላይ ሆና ትምህርት በትምህርት፣ በትልልቅ ፊደል እየጻፈች እዚያ ላፕቶፕ ላይ አስቀመጠችልኝ። በየመጨረሻው አንዳንድ ነገር ትለኛለች። የደረስኩበት፣ «አንተ ግትር፣ እዚህ ደረስክ? ይህን በደንብ ሳታውቅ ወደሚቀጥለው ብታልፍ፣ የትም ብሆን አውቅብሃለሁ» ይላል። እኔም አላለፍኩም። ካወቅሁትም በኋላ ቆየሁበት፤ ካለቀ ሌላ የምትለኝ የለማ። የቀሩትን አንዱንም አላየኋቸውም። ምን እንዳለችኝ አላውቅም።

፫ኛ. ልጠይቅ ስመለስ፣ «ቀደም ብለው ኮፒ ማስደረግ ነበረብዎ፤ አሁን የጠፋ ጠፋ» ብለው ስለመከሩኝ አመሰግናለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለውን ተረት የተረተው ሰው እርስዎ ቤት ሥራ ነበረው መሰለኝ።

፬ኛ. ስለ ፍጥነቱም። ድሮ እስኪከፈት ድረስ መነጽሬን ጠርጌ፣ ወንበሬን አስጠግቼ፣ ደህና አደርሽ ወይ ብያት እጨርስ ነበር። አሁን ገና ሳልቀመጥ ይከፈታል። ተከፍቶም የሚያሳየኝ የለም።

እንግዲህ አንድ ልመና አለኝ። ኮምፒውተር የሚያውቅ ጎረቤቴ፣ ሌላ ነገር ካልተጫነበት ከጠፋውም ሊተርፍ የሚችል አለ፣ ከእንግዲህ እንዳትከፍተው ብሎኛል። ስለዚህ አጥፍቼ በሻርፗ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። ለማጥፋት ያልሰነፈው ባለሙያዎ ለመፈለግም እንዳይሰንፍ ይዘዙልኝ። ሁሉም ባይገኝ ግድ የለም፤ የምትቀጥለውን አንዷን።

በደጅዎ ወንበር ባይኖርም ቆሜ የምጠብቅዎ፣ ጤናና ረጅም ዕድሜ የምመኝልዎ፣ እጅ ነስቼ የምሰናበት
አክባሪዎ

ማስታወሻ፦ መልስዎን በወረቀት ያድርጉልኝ፤ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ ነገር በእርስዎ እጅ ዕድሜ እንደሌለው አይቻለሁ። ደግሞም አጭር አድርገው በትልልቁ ይጻፉት፤ ያስተማረችኝ እስከዚያ ድረስ ነው።