የእማማ ወለድ የሕይወት ታሪክ እና ያልደረቀው በር

ይህን ቤተሰብ ከባንክ ሐራጅ ያዳነችው የልጅ ልጃቸው፣ ማለትም የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ መሆኗ ከወዲሁ ይታወቅልን። አሁን ወደ አያታችን እንመለስ።

አያታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከቤት እመቤት እናታቸው በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው ከአባታቸው የስፌት መኪና ላይ ተቀመጡ። በሃያ ሁለት ዓመታቸው፣ ቀድመዋቸው ካረፉት ሳቂታ አናጢ ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ።

የቤት ዋጋ ሰማይ በነካበት ዘመን፣ በሠላሳ ዓመታቸው የመጀመሪያውን ቤት በባንክ ብድር ገዙ። ዋናውን ቤት አከራይተው ከነቤተሰባቸው ጓሮ ገቡ። «ብድሩን የሚከፍለው ዋናው ቤት ነው፤ እኛ እንግዶች ነን» ይሉ ነበር። የቤቱ ዋጋ ሲጨምር ብድሩን ከፍ አድርገው በአነስተኛ ወለድ እያሳደሱ፣ ከአሮጌው ዕዳ በተረፈው ገንዘብ ሁለተኛውን፣ ቀጥሎም ሦስተኛውን ገዙ። ሰፈሩም «እማማ ወለድ» አላቸው። የሦስት ቤት ባለቤት ሆነው እንኳ ከጓሮዋ ክፍል ንቅንቅ አላሉም። ልጆቻቸውም መስኮት ያለው ክፍል የተኙት ከተዳሩ በኋላ ነው!

አምና ግን የመጀመሪያው ቤት ወለድ ሽቅብ ወጣና ኪራዩ ክፍያውን መሸፈን አቃተው። ባንኩ ቤቱን አስገምቶ ብድሩን ካላደሰ፣ ቤቱ ለሐራጅ ነበር። የባንኩ ቤት ገማች በሚመጡበት ጠዋት የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ፣ ማንም ሳያዛት፣ የግቢውን በር ሰማያዊ ቀለም ቀባች። ገማቹ በነጭ ሸሚዝ፣ በሩን በትከሻቸው ገፋ አድርገው ገቡ።

አያታችን «ውይ፣ በሞትኩት!» ብለው ጮኹ። ገማቹ ትከሻቸውን አይተው፣ «ይኼ እንኳን ከግምቱ ይቀነሳል፣ እማማ» ብለው ሳቁ። በሳምንቱ ብድሩ ታደሰ፤ ቤቱም ተረፈ። ስለ ቀለሙ ማማር ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

አያታችን ጥቂት ወራት በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ በሰባ አራት ዓመታቸው፣ በዚያችው በጓሮዋ ክፍል ዐረፉ። ሁለት ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆችና እንደ ልጅ የሚያለቅሱ ተከራዮች ትተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን መስኮቱ ሰፊ በሆነ፣ ወለድ በማይደርስበት ቤት ያሳርፍልን።

ይህ ጽሑፍ እስከ በሩ ድረስ ያለው በሕይወት ሳሉ ተነቦላቸው ነበር። ዓይናቸውን ሳይገልጡ ሰምተው ሲያበቁ እንዲህ አሉ፦

«አንቺ ልጅ፣ ባንኩ ያየው ቦታውን ነው። ያንቺ ቀለም ያተረፈልኝ የአንድ ሸሚዝ ዕዳ ነው፤ እሱንም ቁጭ ብዬ የሰፋሁት እኔው ነኝ።»