ወገቤ አልነበረም

ይድረስ ለማከብርሽና ለምወድሽ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ አድገው ይሆን? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ነው፣ ቅባቱ ጠቀማት ወይስ እንደ ልማዷ ከአልጋው ሥር ደበቀችው? ስለ እኔ ከጠየቃችሁ፣ ከናፍቆታችሁ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም። ይህን የምለውም ላጽናናችሁ ብዬ ሳይሆን እውነቴን ነው።

ባለፈው ደብዳቤዬ፣ ወገቤ አልቻለምና ብስክሌቱን ልሸጠው ነው ብዬሽ ነበር። እማዬም ኩላሊቷ ነው ብላ እንቅልፍ አጥታ እንደሰነበተች ሰምቻለሁ። ይቅር በሉኝ፤ ወገቤ ምንም አልሆነም። የሚያመኝ ኮርቻው የሚነካኝ ቦታ ነበር፤ ከፊት በኩል፣ ሴት ለሴት እንኳ አንገቷን ደፍታ የምትናገረው ቦታ። ይህን ለእማዬ ጮክ ብለሽ እያነበብሽላት ከሆነ፣ እስከ ሰላምታው ድረስ ዝለዪው።

ትራያትሎን ማለት ዋኝተሽ ወጥተሽ ብስክሌት፣ ከብስክሌት ወርደሽ ደግሞ ሩጫ ነው ብዬሽ ነበር። ብስክሌቱን ታዲያ ቀና ብለሽ አትነጂውም። ክርንሽን መሪው ላይ አሳርፈሽ፣ አጎንብሰሽ ነው። ስታጎነብሺ ክብደትሽ ሁሉ ወደ ፊት ይዞራል፤ የቀረውን አንቺው ጨርሺው። ሃያ ኪሎ ሜትር ሳልሞላ ይደነዝዘኛል፣ ቤት ስገባ ቆስሎ አገኘዋለሁ፣ በማግስቱ በምሠራበት ላውንድሪ ውስጥ ካውያ ይዤ ወዲያ ወዲህ የምለው እግሬን ፈርከክ አድርጌ ነው።

ብስክሌት የሚሠራልን ሽማግሌ ሁሉን ነገር በሚሊሜትር ስለሚለካ ጋሽ ሚሊ እንለዋለን። እሱን ምን ልበለው? ወገቤን አልኩት። አመነኝና ለወገብ ይበጃል ያለውን ሁሉ አደረገ፤ መሪውን ከፍ አደረገው፣ ኮርቻውን ወደ ኋላ ገፋው። ባሰብኝ። እኔም በራሴ ስፖንጅ ያለው ሽፋን ገዝቼ አለበስኩት፣ በላዩ ሌላ ደረብኩበት። ለካ ለስላሳ ነገር ውስጥ ሲሰምጡ መነካት የሌለበት ሁሉ ይነካል! አራት ወር እንዲህ ስንገላታ ከረምኩ።

ልሸጠው የቆረጥኩ ቀን አለቀስኩ። እትዬ፣ አሥራ አንድ ዓመት የሰው አንሶላ ስተኩስ ኖሬ፣ ከካውያ ሌላ የምችለው ነገር እንዳለ ያየሁት በዚህ ብቻ ነው።

ብስክሌቱን እየገፋሁ ጋሽ ሚሊ ዘንድ ሄጄ ገዢ ፈልግልኝ አልኩት። ሽፋኖቹን ገፈፈና ኮርቻውን አገላብጦ አየው። ያለቀው የፊት ጫፉ ብቻ ነው። መነጽሩን ከፍ አድርጎ፣ ልጄ፣ ወገብሽ እዚህ ጋ ነው እንዴ አለኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! መቼስ ተይዣለሁ፣ ነገርኩት። እሱ እቴ፣ ቅም አላለውም። ይልቅ፣ ይህን ለማለት አራት ወር ይፈጃል ወይ ብሎ ተቆጣኝ። ካርቶን ላይ አስቀመጠኝና የመቀመጫ አጥንቶቼ የረገጡትን ለካ። ከዚያ አጠር፣ ጠንከር ያለ፣ ፊቱ ለሁለት የተከፈለ ኮርቻ አወጣ። ድንጋይ ነው ብዬ ተሳለቅሁ። ወደ ፊት ሳበው፣ ጫፉን ትንሽ ዝቅ አደረገው፣ የክርን ማሳረፊያውንም አስተካከለው። ሁለት ሚሊ ወደዚህ፣ ሦስት ሚሊ ወደዚያ ሲል ሦስት ቀን አመላለሰኝ።

ባለፈው እሁድ ውድድሩ ነበር። አርባ ኪሎ ሜትር ስነዳ ስለ መቀመጫዬ አንዴም አላሰብኩም። መንገዱን አየሁ፣ ዛፉን አየሁ፣ አጥር ላይ የተሰጣ ሸሚዝ አይቼ የሚተኩሰው ሰው አሳዘነኝ። ወርጄ ስሮጥም እግሬ የራሴ ነበር። ከመጨረሻ ሦስተኛ ሆኜ ገባሁ፤ ደስታዬን ያየ ግን አንደኛ የወጣሁ ነው የሚመስለው። እፎይ አልኩ፣ እትዬ።

እንግዲህ ለእማዬ፣ ወገቤም ኩላሊቴም ደህና ነው በያት፤ ጉልበቷንም ሳሚልኝ። ትልቋን ልጅሽን ጽሕፈትሽ አምሯል በያት። ትንሹን ጉንጩን ነክሰሽ ሳሚልኝ።

ከዚህ በታች ያለው ላንቺ ብቻ ነው። ለባለቤትሽ ልዩ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፣ እንዳትቆጪው። በስልክ ነግሮኛል። ጡትሽ ላይ እብጠት ካገኘሽ ሁለት ወር ሆኖሻል፤ ጤና ጣቢያ ሄደሽም ሐኪሙ ወንድ ሲሆንብሽ ራሴን ነው ብለሽ የራስ ምታት ክኒን ይዘሽ ተመልሰሻል። እትዬ፣ ነገ ሂጂ። ሴት ሐኪም ካለች ለእሷ፣ ከሌለችም ለእሱ፣ ጡቴን ነው በያቸው።

ታናሽሽ

ከላውንድሪው ምሳ ክፍል፣ ሐሙስ፣ ሚያዝያ 22 ቀን