ወንድሜ ላይ ያነሳሁት እጅ

ኅዳር 3፣ ሰኞ

ጠዋት እንደ ልማዳችን ብየዳ ሳንጀምር ሠራተኞቹን ሰብስቤ ጸለይኩ። ረዘም አደረግኩት። ታናሼ መሃል ላይ አዛጋ... አይቼዋለሁ።

የቤተ ክርስቲያኑን በር ጀመርን። ለእሁድ መድረስ አለበት። ማዕዘኑ አልገጥም ብሎ ሲያናድደኝ መዶሻ ወረወርኩ። ማንንም አልነካም፤ ግድግዳው ላይ ሦስተኛ ጉድጓድ ብቻ። ሠራተኞቹ እየቆጠሩ ነው አሉ። ይቁጠሩ!

አመሻሽ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ መጋቢ ደወለ። «ሽማግሌ ልናደርግህ ነው። ሥራ ቦታህን ሁሉ ጸሎት ቤት ያደረግክ ሰው ነህ።» ለሚስቴ ነገርኳት። «እሰይ» አለች፣ ከአንገት በላይ። ምን ጎደላት?

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

መታሁት።

ከየት ልጀምር... ብረት ቅላቱ ከጠፋ በኋላ ትኩሱ ከቀዝቃዛው አይለይም። ስለዚህ የበየደ ሰው በጠመኔ «ትኩስ» ብሎ ይጽፍበታል። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የዛሬውን የበር ማጠፊያ የበየደውስ ማን ነው? እኔ። ጻፍኩበት? ስልክ ጮኸ፣ መጋቢ ነበር፣ ሳልጽፍ ሄድኩ።

ታናሼ በባዶ እጁ አነሳው። ጮኾ ወረወረው። ቀለም የተቀባው የበሩ ክንፍ ላይ አረፈና ላጠው።

«አንተ ደንቆሮ!»

«አልጻፍክበትማ ጋሼ!» ሠራተኞቹ ፊት።

ደሜ ፈላ። መጀመሪያ በጥፊ። ክንዱን ፊቱ ላይ ጋረደ፤ ከልጅነቱ እንዲያ ነው፣ እጄ ከፍ ሲል ክንዱ ከፍ ይላል። ክንዱን ገፍቼ በመዶሻው እጀታ መንጋጋውን አልኩት። ቀጭ ሲል ሰማሁት። ደም... የብረት ብናኙ ላይ ሁለት ጥርስ። ከወደቀ በኋላም ጎኑን ረገጥኩት። ሁለቴ። ሠራተኞቹ ጎትተው ባያስለቅቁኝ ሦስተኛ ይኖር ነበር።

ሐኪሙ ምን ሆነህ ነው ሲለው ወረቀት ጠየቀ። በተቃጠለው እጁ «ከመሰላል ወደቅኩ» ብሎ ጻፈ።

እፎይ አልኩ። እፎይ!

ኅዳር 7፣ ዓርብ

መንጋጋውን በሽቦ አስረውታል። እኛ ቤት ተኝቷል። ሚስቴ በቀጭን ቱቦ ወተት ትሰጠዋለች። እኔ ስገባ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

አጠገቡ ቆሜ ልጸልይለት ጀመርኩ። ሚስቴ ቀና ሳትል፣ «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» አለች።

«ምን አልሽ?»

ኩባያውን ከእጇ ነጥቄ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጥኩት። ወተቱ አልጋው ላይ ተረጨ። እሷም ክንዷን ፊቷ ላይ ጋረደች። ልክ እንደሱ። ለምን? እሷን እኮ መትቼ አላውቅም... አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ።

ይሄን ደብተር ማንም አያነበውም። ታዲያ ማንን ነው የምዋሸው? ብዙ ጊዜ።

ኅዳር 9፣ እሁድ

በሩ ተገጠመ። አማረ። የተላጠውን ቦታ ደግሜ ቀብቼዋለሁ፤ ማንም አላወቀም።

ከመዝሙር በኋላ መጋቢ ታናሼን ወደ ፊት ጠራው። «ከመሰላል የወደቀ ወንድማችን ነው። ወንድሙ ራሱ እጁን ጭኖ ይጸልይለት።» ጉባኤው አሜን አለ። ወጣሁ። ጎሮሮዬን ጠረግኩ። እጄን አነሳሁ።

ክንዱ ፊቱ ላይ ሄደ።

ያ ሁሉ ሰው እያየ ተሸማቆ ወደ ኋላ ሸሸ፣ የማይክሮፎኑን ማቆሚያ ይዞ ወደቀ። ማይክሮፎኑ ብቻ ይጮሃል። እጄ አየር ላይ ቀረ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ...

አሁንም መውጫ ነበረኝ። ሕመሙ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን፣ «መሰላል የሚባል ነገር የለም። እኔ ነኝ የሰበርኩት። ከወደቀ በኋላም ረግጬዋለሁ» የሚል ነው።

«እኔንም» የሚል ድምፅ ከፊት ወንበር መጣ። ሚስቴ ናት። ጮክ አላለችም። ሁሉም ሰማ።

ኅዳር 10፣ ሰኞ

መጋቢ ብየዳ ቤቱ ድረስ መጣ። «ምነው በጓዳ ብንጨርሰው? ሰው ምን ይላል?» መንጋ የሚጠብቅ ሰው እንዲህ ይላል? ፊቱን ማፍረስ አማረኝ። እውነቴን ነው፣ ዓይኔ መዶሻውን ፈለገ። ሁለቱንም እጆቼን ኪሴ ከትቼ ወጥቼ ሄድኩ። ፖሊስ ጣቢያ ገባሁ።

«ከሳሽ የታለ?» አለ ተረኛው።

«እኔው ነኝ።»

«ተከሳሹስ?»

«እሱም እኔው።»

ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ተወና እስክሪብቶ አነሳ።

ኅዳር 14፣ ዓርብ

ሚስቴ እህቷ ቤት ገባች፣ ታናሼንም ይዛ። «ወሬህን ጠግቤዋለሁ። እጅህን ነው የማየው።» ዛሬ ጠዋት ለጸሎት አልሰበሰብኩም። ማንም ለምን አላለም።

ታኅሣሥ 24፣ ረቡዕ

የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ሰኞ ነው። የሚፈርዱትን እቀበላለሁ። ግድግዳው ላይ አራተኛ ጉድጓድ የለም። መዶሻ ግን በየቀኑ ያምረኛል፤ ይሄም ይጻፍ።

ታናሼ ሽቦው ተፈቶለታል። ሌላ ብየዳ ቤት ሊገባ ነው፣ የብየዳ ማስኩን ሊወስድ መጣ። ላቀብለው ብዬ ስነሳ ትከሻው ሽቅብ አለ። ማስኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ አልኩ።

አላነሳውም። ከማስኩ አጠገብ ያለውን ብረት ያያል። ምንም አልተጻፈበትም።

«ቀዝቃዛ ነው» አልኩት።

ምን ብሎ ይመነኝ?

መዳፌን ብረቱ ላይ ጫንኩ። እስኪበቃው አየ። እኔም አላነሳሁም። ከዚያ ማስኩን ወሰደ።

በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ። «በል፣ ደህና ዋል» አለኝ። አፉ ገና በደንብ አይከፈትም።

ጋሼ አላለኝም።